የሽመላው ድርሻ

ስለ ትል መጻፍ ነውር ይመስላል። ቃሉ ማዕድ ላይ አይነሣም፤ ያነሣው ትልቅ ሰው እንደሆነ ይገላመጣል፣ ልጅ እንደሆነ ይቆነጠጣል። እኔም ይህችን ጽሑፍ ለመጀመር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የምጽፈው በወፍ ጉሮሮ ውስጥ ስለሚኖር፣ ርዝመቱ ከጣት ጥፍር ስለማይበልጥ አንድ ትል ነው፤ ስለ እርሱ ስጽፍ ግን አክስቴን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ውድ አንባቢ፣ ምሳዎን ገና ካልበሉ ጽሑፉን ለማታ ቢያቆዩት አልቀየምም።

ቋንቋችን ከትል ጋር ያን ያህል አልተጣላም። ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን፤ የራበን እኛ ሳንሆን ሆዳችን ውስጥ ያደረው እንግዳ ይመስል። «ኮሶ» ስንል ደግሞ ትሉንም፣ ትሉን የሚያስወጣውን ዛፍም በአንድ ስም እንጠራለን። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ በየሁለትና በየሦስት ወሩ ኮሶ እየጠጣ ዘመናት ኖሯል። ይህ ሁሉ ግን የሰው ትል ነው። የወፍን ትል ማን ያስበዋል? ወፍ የሚታየን ከላይ ነው፤ ክንፉን፣ ዜማውን፣ ነጻነቱን እንጂ ጉሮሮውን አናይም።

ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ ያኔ «አዋሳ» እንላት ነበር። ሐይቁ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ በምሥራቅ በኩል ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ ወንዝ ሆኖ የሚወጣበት በር የለም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው ይላሉ የለኩት ሰዎች። ለእኔ ግን ባሕር ነበር፤ ከማዶ ያለው ተራራ ሌላ አገር ይመስለኝ ነበር።

አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ ትሸጥ ነበር። ቦታውን የሚያውቅ ሰው ጠዋቱንም ያውቀዋል፤ ጀልባዎቹ በጭጋግ ውስጥ ይመጣሉ፣ መረቡ ይዘረገፋል፣ ከየአቅጣጫው ቢላዋ ይሳላል። ሰው ብቻ አይደለም የሚሰበሰበው። አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ኮዳ ያንጠለጠለ ትልቅ አሞራ፣ ደመወዙ እንደዘገየበት ዘበኛ በሰው መሐል ወዲያ ወዲህ ይላል። ፔሊካኖቹ ዳር ዳሩን እየዋኙ የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ሽመላው ግን ገበያ አይወጣም። ከፊላው ሥር፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ብቻውን ነው የሚያድነው። በልጅነቴ ሽመላን እንደ ኩሩ ድኻ አየው ነበር።

የአክስቴ እጅ ፈጣን ነበር። አንዱን ቆሮሶ በሦስት ጊዜ የቢላዋ ምልልስ ሁለት ነጭ ፊሌቶ ታደርገዋለች። ጥሬውን የሚወድ ደንበኛ ሲመጣ በሳህን አድርጋ ከዳጣ ጋር ታቀርብለታለች፤ የተጠበሰ የሚፈልገው ወደ ምጣዱ ይላካል። የእኔ ሥራ ውሃ መቅዳትና ሳፋዎቹን መጠበቅ ነበር። ሳፋዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሰማያዊና ቀይ። አክስቴ ዓሣውን ከጀልባው ስትረከብ አስጋሪውን አንድ ነገር ትጠይቀውና ግማሹን በሰማያዊው፣ ግማሹን በቀዩ ታስቀምጣለች። ጥሬ የሚበላው ከሰማያዊው፣ የሚጠበሰው ከቀዩ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ትልቅ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ምክንያት አለው ብዬ የማምንበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ፤ ወይም ግድ አልነበረኝም።

አንድ ነገር ግን ጠይቄአታለሁ። ከቀዩ ሳፋ የወጣ ዓሣ ስትከፍት አልፎ አልፎ ከስንጥቡ ሥር ወይም ከቆዳው ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ትወጣለች። አክስቴ በቢላዋዋ ጫፍ ፈልቅቃ ወደ መሬት ትወረውራታለች።

«እትዬ፣ ምንድን ናት?»

«የወፍ ነው» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

እኔም ለወፍ የሚጣል ነገር ነው ማለቷ መሰለኝ። አባ ኮዳውም ይህንኑ ያረጋገጠልኝ ይመስል መጥቶ ለቀማት።

ከዚያ የ1985 ዓ.ም. መስቀል መጣ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ሳምንት ከአዲስ አበባና ከሻሸመኔ የመጣ እንግዳ ሐይቁን ይሞላዋል፤ አክስቴም ከወትሮው እጥፍ ዓሣ በዱቤ ወሰደች። ገንዘቡን የመረቡ ባለቤት የሚቀበለው ከሽያጭ በኋላ ነበር። ቀኑ ሞቃት ነው፤ እኔም ሰልችቶኛል። የምሽቱን ዕዳ የማያውቅ ልጅ የሚያስበው ስለ ጀልባ ነው። ቀዩ ሳፋ ሰፊ ነበር፤ ውስጡ ተቀምጦ በእጅ ቢቀዝፉት ይንሳፈፋል። አክስቴ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ቀዩ ውስጥ የነበረውን ዓሣ ሁሉ በሰማያዊው ላይ ገለበጥኩና ሳፋዬን ይዤ ወደ ውሃው ወረድኩ። ሁለት ቀዘፋ እንኳን ሳልቀዝፍ ተገለበጠብኝ። ሱሪዬ እንደራሰ ተመለስኩ፤ ዓሣውን መልሼ ለሁለት ከፈልኩት። በእኩል ነው የከፈልኩት። እኩል መክፈል ትክክል መስሎኝ ነበር።

ቀትር ላይ አንድ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር መጣ። ጥሬ አዘዘ። ሁለት ጉርሻ ከበላ በኋላ ሦስተኛውን ዳጣ ውስጥ ሊነክር ሲል አየሁት፤ በነጩ ሥጋ ላይ አንዲት ቢጫ ነገር ነበረች። ከረጢቷ በቢላዋው ተቀድዶ ነበርና ትንቀሳቀስ ነበር። ተዘረጋች፣ ተሰበሰበች፣ እንደገና ተዘረጋች።

«ጋሼ፣ እዚያ ላይ ትል አለ» አልኩ።

ቀስ ብዬ አልነበረም የተናገርኩት። ቀጥሎ የሆነውን ዘርዝሬ ብጽፈው አልወድም። ሰውዬው ተፋ፤ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወደ መኪና ሮጠች፤ ሳህኑ ድንጋይ ላይ ተሰበረ። ሰዎች ተሰበሰቡ። አክስቴ ቢላዋዋን እንደያዘች፣ አንድም ቃል ሳትመልስ፣ ለመሰደብ እንደተቀጠረች ሴት ቆመች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ከእርሷ ፊት የቆመ ገዢ አልነበረም። ዓሣው በፀሐይ ዋለ፤ ሲመሽ አባ ኮዳዎቹ ተሰበሰቡለት።

የመረቡን ባለቤት ዕዳ እስከ ገና ድረስ ከፈለች። ዕዳው እንኳን አልቋል፤ ስሙ ግን ቀረ። ገበያው «ባለ ትሏ» የሚል ስም አወጣላት። ከዓመት በኋላ ዓሣ መሸጡን ትታ እንጀራ መጋገር ጀመረች። ያን ቀን ማታ እንኳን አልመታችኝም፤ ሱሪዬን አውልቃ አጥባ ሰጣችው። እኔ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሁለት ነገር በአንድነት አምን ነበር፤ አንደኛው በአክስቴ ላይ መከራ ማምጣቴን፣ ሁለተኛው እውነቱን መናገሬን። የምወዳት አክስቴ ለሰው ትል የምታበላ ሴት፣ እኔም ይህን የገለጥኩ ልጅ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በልቤ ግን ትንሽ እኮራበት ነበር።

ዓመታት አለፉ። በ1997 ዓ.ም. የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሽቦ የገደለው ሽመላ ወደ ክፍል መጣልን። መምህራችን ወፉን በጀርባው አጋድመው ክንፉን ዘረጉት፤ ክፍሉን ሞላው። ሁላችንም ሆዱን እንከፍታለን ብለን ምላጫችንን ስናነሣ እርሳቸው ግን «ቆዩ» አሉና ምንቃሩን በሁለት እጃቸው ፈለቀቁት። ከምላሱ ሥር፣ ጉሮሮው በሚጀምርበት ሥጋ ላይ፣ አራት ጠፍጣፋ ነገሮች ተጣብቀው ነበር። ፈዛዛ ቢጫ ናቸው። አንደኛውን በወረንጦ ይዘው ሲጎትቱት ሥጋውን ይዞ ተለጠጠ፤ መልቀቅ አልፈለገም።

ከዚያ ርቀት እንኳን አወቅኋቸው። ያኔ ያየኋት ጨቅላ ነበረች፤ እነዚህ ያደጉት ነበሩ።

መምህሩ ስሙን ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ክሊኖስቶመም። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1856 ያወጣለት የፊላደልፊያው ተመራማሪ ጆሴፍ ላይዲ ነው። ስለዚህ ሰው በኋላ ያነበብኩትን አንድ ታሪክ እዚህ ላስገባው፤ ከጉዳዬ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1846 ማዕድ ላይ ተቀምጦ የአሳማ ሥጋ ሲበላ ሥጋው ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ አየ። እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ቀደም ሲል በሰው አስከሬን ጡንቻ ውስጥ አይቶ ነበር። አልጮኸም፣ ሳህኑንም አልወረወረም፤ የተረፈውን ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ተመለከተው። የጠመዘዘ ትል አገኘ። ትሪኪኔላ የሚባለው ትል በአሳማም ውስጥ እንደሚኖር የታወቀው በዚያ ምሳ ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ሰው ሹካውን አስቀምጦ ዝም ያለበትን ቅጽበት አስባለሁ። በዚያ ዕድሜዬ እንዲያ ያለ ዝምታ መኖሩን አላውቅም ነበር። ላይዲ ላየው ነገር ወረቀት ነበረው፣ ማኅበር ነበረው፣ የሚሰማው ጉባኤ ነበረው። አሞራ ገደል ላይ ከዘጠኝ ዓመት ልጅ በቀር ጉባኤ አልነበረም።

የትሉን ታሪክ መምህራችን እንዲህ ነገሩን፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አልሰለቸኝም።

ነገሩ ከሽመላው አፍ ይጀምራል። ትሉ ሆዱ ላይ ባለው ብርቱ መምጠጫ ከወፉ ጉሮሮ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። እንቁላሉ እንደ ብዙዎቹ ትሎች በአንጀት ዞሮ መውጣት አያሻውም፤ ሽመላው ዓሣ ሊወጋ ምንቃሩን ሲነክር እንቁላሉ ከአፉ በቀጥታ ወደ ውሃ ይታጠባል። ማደኑ ራሱ መዝራት ነው። ከእንቁላሉ የምትወጣው በዓይን የማትታይ ዋናተኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ግን ለስላሳ ሥጋውን በስታ ትገባና እዚያ ውስጥ፣ ያለ ወንድና ሴት፣ ትባዛለች፤ አንዷ በሺህ የሚቆጠሩ ትሆናለች። እነዚህ ደግሞ ጭራ አውጥተው ከቀንድ አውጣው ይወጣሉ፣ ዓሣ ይፈልጋሉ። ዓሣውን ያገኘች ጭራዋን ጥላ በቆዳው ትገባለች፤ ሥጋው ውስጥ ተሸሽጋ ቢጫ ከረጢት ትሆናለች።

ከዚያም ትጠብቃለች።

እዚህ ላይ ነው መምህራችን የተናገሩት ነገር ልቤን የነካው፤ እርሳቸው ግን እንደ ዋዛ ነበር ያለፉት። ከረጢቱ ውስጥ ያለችው ትል ዓሣው ውስጥ አታድግም። እንቁላል አትጥልም። ዓሣው ቤቷ አይደለም፤ መንገዷ ነው። ወራት፣ አልፎም ዓመታት፣ የምትጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓሣው በሽመላ ወይም በዘመዶቹ እንዲበላ። አብዛኞቹ ዓሣው ሲሞት አብረው ይሞታሉ። የቀናት ግን ዓሣው በወፉ ጨጓራ ሲፈጭ ከረጢቷ ይሟሟል፤ እርሷም ትነቃለች። ከምግቡ ጋር ወደ ታች አትወርድም። ወደ ላይ ነው የምትወጣው፤ በጨለማ ውስጥ በጉሮሮው በኩል ሽቅብ ትሳባለች፤ ምላሱ ሥር ስትደርስ ትቆማለች። በጥቂት ቀናት ታድጋለች። እንቁላል የምትጥልበት ዘመን ግን አጭር ነው፤ ሳምንታት ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ለእነዚያ ሳምንታት ነበር።

ሰው ጥሬውን ሲበላትስ? በጃፓንና በኮሪያ ጥሬ የጣፋጭ ውሃ ዓሣ የበሉ ሰዎች ጉሮሯቸውን እያከካቸው፣ እያሳላቸው ወደ ሐኪም ሄደው፣ ሐኪሙም ከጉሮሯቸው ውስጥ በወረንጦ አንድ ሕያው ትል ያወጣበት ጊዜ ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ የሚገድልም አይደለም። ምጣድ ያየ ዓሣ ውስጥ ደግሞ ትሉ ሞቷልና አይጎዳም። እኔን ያስደነቀኝ ግን የትሏ ስሕተት ነው። በሰውም ጨጓራ ውስጥ ነቅታ ወደ ላይ ትሳባለች፤ ጉሮሮ ጋ ስትደርስ ትጣበቃለች። የሽመላ አንገት ውስጥ ያለች ይመስላታል። ነጭ ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ያን ቀን የአክስቴ ደንበኛ ብቻ አልነበረም፤ ሳያውቀው በሽመላ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሽመላን ድርሻ ሊጎርስ ነበር።

ብቸኛዋም አይደለችም። ቆሮሶውን ስንከፍት አንዳንዴ ልቡ አጠገብ ተጠቅልሎ የምናገኘው ነጭ ድቡልቡል ትልም የወፍ ነው፤ ኮንትራሲከም ይባላል። የሚያድገው በፔሊካንና ዓሣ ጠልቀው በሚይዙ ጥቁር ወፎች ጨጓራ ውስጥ ነው። እኛ ሆድቃውን ለፔሊካኑ ስንወረውርለት፣ እርሱም ከንፈሩን እንደ ስልቻ ከፍቶ ሲቀልበው እንስቅ የነበረው ሳቅ ትዝ ይለኛል። ትሉን በእጃችን ቤቱ ድረስ እያደረስነው ነበር።

መምህሩ ከትምህርቱ መጨረሻ ገደማ ስለ ቀንድ አውጣዎቹ ጥቂት አሉ። ከመካከላቸው ዘመዶቻቸው ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ እንደሆኑ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ያንን ታላቅ ምርምር እንደጀመረ ነገሩን። የልብስ ሳሙና የሆነ ቅጠላ ቅጠል ስንት ሺህ ሰው ሲያልፈው እርሱ ቆሞ አየው። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፤ «እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ጥልቅ ውሃ አይወዱም። የሚኖሩት ዳር ላይ፣ ሣርና ፊላ ባለበት ነው። ስለዚህ ብዙ ትል የምታገኙት በዳርቻ ከተያዘ ዓሣ ላይ ነው፤ ከመሐል ሐይቅ በተያዘው ላይ ጥቂት ነው።»

ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ነበር። «ዳርቻ» የሚለውን ጻፍኩ፣ «ፊላ» የሚለውን ጻፍኩ፤ ከዚያ እስክሪብቶዬ ቆመ።

አክስቴ አስጋሪውን የምትጠይቀው «ከየት ነው?» ብላ ነበር። ያን ጥያቄ በየቀኑ ሰምቼው ነበር። «ከፊላው» ካላት ወደ ቀዩ፤ «ከመሐል» ካላት ወደ ሰማያዊው። ቀዩ ወደ ምጣድ፤ ሰማያዊው ወደ ጥሬ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት በሁለት የፕላስቲክ ሳፋ የሠራችውን ሥርዓት አንድ ልጅ ጀልባ ሊሠራ አፈረሰው፤ ያው ልጅ ደግሞ ከሦስት ሰዓት በኋላ በአደባባይ ከሰሳት። ሽመላው ጠረጴዛው ላይ ክንፉን ዘርግቶ ተኝቷል፤ አፉም እንደተከፈተ ነው። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ።

እንግዲህ ያን ቀን ወደ ሐዋሳ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምርልኝ ነበር። አልሄድኩም። ሄጄም አልነገርኳትም፤ በየበዓሉ ጠይቄአታለሁ፣ ጉልበቷን ስሜአለሁ፣ ዶሮዋን በልቼ ተመልሻለሁ። ሰው የበደለውን ለመናገር ከሚፈልገው ድፍረት ይልቅ የተበደለው ሰው ላያስታውሰው ይችላል የሚለው ተስፋ ይበልጥ ያዘገያል። የነገርኳት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው፤ ጥምቀትን ከእርሷ ጋር ልውል ሄጄ። ሰባውን አልፋለች፤ ጉልበቷ ደክሟል፤ ዓይኗ ግን አሁንም ከእኔ ይሻላል።

ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ከተጠጣ በኋላ ጀመርኩ።

«እትዬ፣ ያን ቀን ሳፋዎቹን የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ።»

ስኒውን አስቀመጠች። «የትኛውን ቀን?» ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጠየቀችኝም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሱሪህ ርሶ ነበር። ቀዩም ሳፋ ውጭው እርጥብ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ሰዎቹስ ሲሰድቡሽ ለምን 'ልጁ ነው' አላልሽም?»

«ምን ልበላቸው? እኔ ነበርኩ የምሸጠው። ያን ቀን ገበያው ሞቆልኝ ሳላይ ቆረጥኩት። ቢላዋውን የያዝኩት አንተ ነህ?» አለችና ቀጠለች። «አንተ ያየኸውን ተናገርክ። ልጅ ያየውን ነው የሚናገረው።»

ዝም አልኩ። ከዚያ እንደ ልጅ፣ ወይም እንደ መምህር፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሽመላው ጉሮሮ፣ ስለ ቀንድ አውጣው፣ ስለ ከረጢቱ፣ ትሏ ስለምትጠብቀው ነገር። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ በትዕግሥት ሰማችኝ። ስጨርስ እንዲህ አለች፤

«ታዲያ ምን ብዬህ ነበር?»

«ምን ብለሽኝ ነበር?»

«የወፍ ነው አላልኩህም?»

ሳቅሁ፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። መረብ የያዘው ሽመላ ሲያስለቅቁ ዓይን እንዳይወጋ ምንቃሩን መያዝ ግድ እንደሆነ፣ ወፉም ሲጨንቀው አፉን በሰፊው እንደሚከፍት ነገረችኝ። በወጣትነቷ እንዲህ ያለ ሽመላ ይዛ አፉ ውስጥ አየች፤ ዓሣው ላይ የምታውቀውን ነገር። ለአስጋሪዎቹ ብትነግራቸው ሳቁባት። ከዚያ ወዲህ ከፊላ ውስጥ የወጣ ዓሣ ጥሬውን ለሰው አቅርባ አታውቅም ነበር፤ ከዚያ ከአንድ ቀን በቀር።

ይህን ስሰማ የተሰማኝ ነገር ንስሐ የገባ ሰው የሚሰማው ዓይነት ቅለት አልነበረም። ቅናት ነበር ብል አላጋንንም። እኔ አምስት ዓመት ተምሬ፣ መጻሕፍት አገላብጬ የደረስኩበትን እርሷ መረብ ስትፈታ አይታው ነበር። ላይዲ ሹካውን አስቀምጦ ዝም እንዳለ እርሷም ዝም ብላ ነበር፤ ግን የእርሷን ዝምታ እኔ መደበቅ ብዬ ተርጉሜው ሠላሳ ዓመት ያህል ይዤው ዞርኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ ወረድን። ቀስ ብለን ነው የሄድነው። ገበያው ድሮ ከነበረበት ሰፍቷል፤ አባ ኮዳዎቹ አልተለወጡም። «ባለ ትሏ» የሚላት ሰው ቢኖር የሚያስታውሳት አልነበረም፤ አንዲት ወጣት ሴት «እማማ፣ ይቀመጡ» ብላ በርጩማ ሰጠቻት። አክስቴ ግን ቁጭ አላለችም፤ የወጣቷን ቢላዋ ተመለከተች። ከዚያ ሳፋውን ተመለከተች። ሳፋው አንድ ነበር። የተጠበሰ አዘዝን፤ «አድርቂው» አለቻት፣ ሁለት ጊዜ።

በልተን ዳር ዳሩን ስንመለስ ከፊላው ሥር ሽመላ ቆሞ አየን። ዝም ብሎ ነበር፤ እኛም ቆምን። ድንገት አንገቱ ተወረወረ፤ ትንሽ ቆሮሶ በምንቃሩ መሐል አብለጨለጨች። ሁለት ጊዜ ወርወር አድርጎ ጭንቅላቷን ወደ ውስጥ አዞራትና ዋጣት፤ እብጠቷ በቀጭኑ አንገቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ ይታይ ነበር። ከዚያ ምንቃሩን እንደገና ውሃው ውስጥ ነከረ።

«ተጉመጠመጠ» አለች አክስቴ።

ጥቂት ቆመን አየነው። ነፋስ መጣ፤ ፊላው ተንሾካሾከ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፋችና ክንዴን ያዘች፤ «ብርዱ ሳይይዘን እንሂድ» አለች።